ለእማዬ ሽርሽር ነው አልናት

አጎቴ ናሆም ሐሙስ ዕለት ድሬዳዋ ላይ ሞተ፤ እኛ አርብ ጠዋት ለሽርሽር ተነሳን።

ሽርሽሩን የፈለሰፈው አባዬ ነው። የሞቱን ወሬ መጀመሪያ የሰማው እሱ ነበር፣ ድሬዳዋ ካሉት የእድር ሊቀመንበር ከጋሽ ምናሴ። ጋሽ ምናሴ አደራ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሶስና ምንም ሳትሰማ በሰላም አምጣልን፣ ቀብሩን እናቆይላታለን፣ መርዶውን እኛ ጠዋት በወጉ እናረዳታለን። ሶስና ማለት እማዬ ናት። ናሆም ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሌላ ወንድምም እህትም የላትም።

አደራው እንዲያው ለወግ አልነበረም። አያቴ የሞተች ጊዜ አንዱ ችኩል ለእማዬ ስልክ ደውሎ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ጀመረላት፤ እሷ ገና አልተነገራትም። ልብስ እያሰጣች ነበር፣ ከነባልዲው ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ደረቷ ውስጥ ትንሽ ማሽን አለ። እኛ ቤት ቆጣሪው ነው የምንለው። ልቧ ሲሰናከል ቆጣሪው ያፏጫል፣ ልቧም ይመለሳል። ሐኪሙ ግን አባዬን ለብቻው ጠርቶ፣ ሌላ ዱብ ዕዳ ድንገት ከሰማች ቆጣሪውም ላያድናት ይችላል ብሎታል። አባዬ ይህን ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማዳምጠው የእማዬን ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። ስልኳን እኔ ሰረቅሁ፣ አባዬ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ አላት። ጥቁር ልብሶቻችንን ጠቅልለን ከአልጋው ስር ወሸቅናቸው። ጎረቤት መጥቶ ፊቱ እንዳያሳብቅብን ገና ሳይነጋጋ ቤቱን ከመኪናው ጋር አያያዝነው። እማዬ ሻሿን እያሰረች ምን ታይቷችሁ ነው አለችን፣ ወዲያው ግን ደስ አላት። ናሆምን ካየችው ቆይታለች። አባዬም ናሆም እንደምንመጣ አያውቅም፣ ድንገት ከተፍ እንበልበት አላት። ይህን ሲል ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ ነበር። እኔ ውሸት ሲያምረኝ ሰው ፊት እያየሁ ነው የምዋሸው፤ እሱ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ቤታችን ተጎታች ነው። የማን ቤት ያልሆነ? አዲስ አበባ መንገድ ስታሰፋ ስታሰፋ በስተመጨረሻ መንገድ ብቻ ሆና ቀረች፣ ሰውም ቤቱን ጎማ ላይ ጫነ። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ እናድራለን፣ ነገ ተነሱ ሲሉን ገላን። ትምህርት ቤቴ አንድ ቦታ ቆሞ ቀረ፣ ቤታችን ሄደ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ በዚሁ ተለያየን። ማን ማንን እንደናፈቀ እንጃ።

መኪናችን መሪ አላት፣ ግን ለጌጥ ነው። የሚነዳት መንገዱ ነው። አባዬ እንዲያም ሆኖ እጁን ከመሪው ላይ አያነሳም፣ ኩርባ ሲመጣ ያዞረዋል። ለክብሩ ስል አልስቅበትም።

መውጫው በር ላይ እትዬ ጎዳና ጠየቀችን። የመንገዱ ማሽን ናት፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ድምጿ ከመኪናውም ከተጎታቹም ጣሪያ ይወርዳል፣ እንደ ዜና አንባቢ የለዘበ ነው፣ ትንሽ ትልቁን እርስዎ ትላለች።

«የጉዞዎ ምክንያት?»

ሰው እንደ ምክንያቱ ነው የሚያልፈው። ሕመም ይቀድማል፣ ከዚያ ሐዘን፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ጭነት። ሽርሽር መጨረሻ ነው። አባዬ ሕመም እንዳይላት የሐኪም ማስረጃ ትጠይቃለች። ሠርግ እንዳይላት ሙሽራ የለንም፤ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር ሲል በዓይኔ መለስኩት። ሐዘን ካላት ደግሞ ማን ሞተ ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ በስም ጠርታ፤ መኪና ውስጥ ያለ የቅርብ ዘመድ በገዛ አፉ እንዲመልስላትም ትጠብቃለች። የናሆም የቅርብ ዘመድ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ መስታወት እያየች ቅባት ትቀባለች።

«ሽርሽር» አለ አባዬ።

«መልካም መዝናናት ይሁንልዎ» አለች። እማዬ አጨበጨበች።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ ዳር መያዝ ነበር። ሽንኩርት የጫነ ሲመጣ ዳር፣ ሙሽራ ሲመጣ ዳር፣ አምቡላንስ ሲመጣ ዳር። መኪናዋ ራሷ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ሌላው ያልፋል። አንድ ጊዜ ጥቁር የለበሱ ሰዎች የሞሉበት ረዥም መኪና አለፈንና እማዬ ነፍስ ይማር አለች። አባዬ ኩርባ ሳይኖር መሪውን አዞረ።

አዳማን እንዳለፍን የተጎታቹ ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው ብዙ ቆይቶ መጣ፣ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ የጣለ ወሬኛ። ክሪኩን ከስር አስገብቶ ቤታችንን ሽቅብ ሲያነሳው ሳህኖች ውስጥ ለውስጥ ተንሸራተቱ። አባዬ ፍጠን ፍጠን ሲለው ቀና ብሎ አየውና፣

«ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለው።

አባዬ የያዘው ቡሎን ከእጁ ወድቆ ከመኪናው ስር ገባ። እማዬ ግን በመስኮት ብቅ ብላ፣ ክፉ አትናገር አንተ፣ ሽርሽር ነን ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ደረቷን አዳመጥኩ። አላፏጨም።

ከዚያ ጀምሮ በሳቀች ቁጥር ፈራሁ። ደስ ካላት ከፍ ትላለች፣ ከፍ ያለ ደግሞ አወዳደቁ ሌላ ነው። እሷ ግን ጭራሽ ባሰባት። መተሐራ ላይ ሐይቁ የድሮውን መንገድ ከዋጠው ወዲህ በተንሳፋፊ ድልድይ ነው የሚታለፈው፣ ተራ እስኪደርሰን ደግሞ የሐብሐብ ሻጮች ከበቡን። እማዬ ወርዳ አንድ በአንድ በጣቷ እያንኳኳች መረጠች። ናሆም ልጅ ሆኖ ሐብሐብ ሲበላ ፍሬውን እንደሚውጥና ሆዴ ውስጥ ይበቅላል ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ እንዳደረ ነገረችኝ። የመረጠችውን እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች። አባዬ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

አዋሽን አልፈን ወደ ሚኤሶ ስንቃረብ መኪናዋ ሳትጠየቅ ወደ ቀኝ ወጣች። ማቆያ ይሉታል። አስፋልት የፈሰሰበት ሜዳ ነው፣ ጫፉ አይታይም። የሐዘንተኛና የሙሽራ ቦታ ጣሪያ አለው፣ መብራት አለው። የሽርሽር ቦታ ያለው ፀሐይ ነው።

«በከባድ ሙቀት ምክንያት የሽርሽር ጉዞዎች ፀሐይ እስክትበርድ ይቆያሉ። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ከመኪናው ወደ ተጎታቹ ተሻገርን፣ ቤቱ ማቀዝቀዣ ስላለው። ማቀዝቀዣው የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ጎማው ሲፈነዳና በየዳሩ ስንቆም አብዛኛው አልቋል። አባዬ የባትሪውን መብራት አየ፣ ወደ ውጭ አየ፣ ፀሐይዋን አየ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

ከጎናችን አንድ ሰማያዊ ተጎታች ቆሟል። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ በሶብላ ጠውልጎ ደርቋል። ማቀዝቀዣው ድምፅ የለውም። ሰዎቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው መሰለኝ አልኩ፤ አባዬ መጋረጃውን ዝጊው አለኝ። ከመዝጋቴ በፊት ነጭ መኪና መጣች። ሹፌር የላትም። አላንኳኳችም። ጀርባዋን ሰጥታ ተጠጋች፣ ሰማያዊውን ቤት ከራሷ ጋር አያያዘች፣ ይዛው ሄደች። የበሶብላው ቆርቆሮ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነበር። ዝም ያሉትን ነው የምትሰበስበው።

ቤቱ መሞቅ ጀመረ። መጀመሪያ ግድግዳው ሸተተ፣ እንደተቃጠለ ፕላስቲክ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለው ሻማ ጎበጠ። እማዬ እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ አድርጋ ተጋደመች፣ ሽርሽር ማለት እንዲህ ነው ብላ ቀለደች። ሐብሐቡ እግሯ ስር ነበር። ቀልዷን ሳትጨርስ ቆጣሪው አጭር ፉጨት አፏጨ። እጄን ደረቷ ላይ አደረግሁ፤ እንደ ዝንብ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ተስተካከለ።

አባዬ ፎጣ አርሶ ጭንቅላቱ ላይ ጣለና ወጣ። ሜዳው መሐል እትዬ ጎዳናን የሚያናግሩበት ምሰሶ አለ፣ ወደዚያ ሄደ። በመስኮት አየዋለሁ፤ አጎንብሶ ለምሰሶው ያንሾካሹካል፣ ምሰሶው ግን አያንሾካሹክም። ሲመለስ ፊቱ ቀይ ሆኗል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ደጃፉ ላይ ሆኖ በምልክት ጠራኝ። የባለቤቴ ወንድም ነው የሞተው ብሎ ለእትዬ ጎዳና ሁሉንም ነግሯታል። ሞቱን መዝገብ ላይ አይታዋለች። ግን አማች አይቆጠርም አለችው፤ እህትየዋ እዚሁ እያሉ ሌላ ሰው አልጠይቅም፣ እሳቸው በገዛ ድምፃቸው ያስረዱ።

ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰዉ ሐዘንን የመንገድ ማሳለፊያ አድርጎት ነበር። እኛ ሰፈር አንድ ጎረምሳ አያቱን ደጋግሞ ቀብሯል፣ አያቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ቆሎ እየቆረጠመች። ስለዚህ እትዬ ጎዳና ቃል ማመን ተወች። ቃሉን አትሰማም፤ ድምፁን ነው የምትመዝነው፣ ሐዘን አለው የለውም ብላ።

ያኔ ነው ጉደኛው ሐሳብ የመጣልኝ። የእኔና የእማዬ ድምፅ አንድ ነው። ስልክ ሳነሳ የሷ ጓደኞች ለእኔ የባሎቻቸውን ጉድ ዘርግፈው ነው የሚነቁት። እኔ ልሂድና እሷን ሆኜ ላልቅስ አልኩት። አባዬ መጀመሪያ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ቤቱን ዞሮ ሲያይ፣ የእማዬን እግር ሲያይ፣ ነይ አለኝ።

ውጭው አየር አይደለም። አፍ ስትከፍት እሳት ነው የሚገባው፤ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ ይላቀቃል። ምሰሶው ጋ ስንደርስ ሶስና ነኝ አልኩ፣ ወንድሜ ናሆም ሞተብኝ። ከዚያም ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። ወንድሜን ወንድሜን እያልኩ ደረቴን ደቃሁ፣ ተንበረከክሁ፣ አስፋልቱ ሲያቃጥለኝ ተነሳሁ፣ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ዞርኩ። በልቤ ጎበዝ እያልኩ ነበር።

«ድምፁ ሐዘን የለውም» አለች። «አንድ ዕድል ይቀርዎታል። እሱም ካልተሳካ ጉዞዎ ለነገ ይተላለፋል።»

ነገ ማለት ሰማያዊው ተጎታች ማለት ነበር።

ተመለስን። እማዬ ተነስታ ተቀምጣለች፣ ፎጣው ጭኗ ላይ ነው። መጋረጃው ተከፍቷል። መስኮቱ ደግሞ በቀጥታ ምሰሶውን ነው የሚያሳየው።

«ደረትሽን ለምን ትደቂያለሽ?» አለችኝ።

አባዬ ቀድሞኝ ጨዋታ ነው አለ፣ ልጅቷ እኮ ታውቂያታለሽ፣ ቀልደኛ ናት አለ። እሷ እሱን አላየችውም።

«ማነው የሞተው?»

የማቀዝቀዣው ድምፅ ቀጠነ። እማዬ ከሩቅ ጀመረች፤ ሰው እንዲህ ሲሆን ከሩቅ ነው የሚጀምረው።

«እትዬ አስካለ?»

«አይደሉም» አለ አባዬ።

«አበልጄ ሰናይት?»

«ደህና ናት።»

አጎቶቿን ጠራች። የክርስትና አባቷን ጠራች። ዱሮ ለገጣፎ እያለን ጎረቤታችን የነበሩትን አቶ ሽመልስን ጠራች፤ እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ረስታው ነው። እየቀረበች መጣች። የአክስቷን ልጆች በየስማቸው ጠራች፣ አባዬ አይደለም አይደለም ይላል፣ በእያንዳንዱ ስም እኔ ቆጣሪውን አዳምጣለሁ። ከእነሱ በኋላ የሚቀር አንድ ስም ነው። ደረሰችበት፤ አየሁት፣ አፏ ላይ መጣ። ዘለለችው።

«እንግዲህ ሰው አለቀ» አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አኖረች።

አባዬን አየሁት። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ይሄን ማንም ያውቃል፤ ቤት ገብታ፣ ሰው ከቧት፣ ከኋላዋ የሚደግፋት ቆሞ ነው። እዚህ የሚደግፋት እኔ ነኝ፣ እኔንም የሚደግፈኝ ባገኝ። አባዬ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ አይወጣውም። ማቀዝቀዣው አንድ ጊዜ አንኮራፋና ቆመ።

«አላለቀም፣ እማ» አልኳት። «ጋሼ ናሆም ነው። ሐሙስ ዕለት ነው።»

አላለቀሰችም። እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወለሉን። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሐብሐቡ ላይ አርፎ ነበር። አጎንብሳ በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ወደ ጥላው አስጠጋችው።

«ፀሐይ መታው» አለች።

አባዬ ያኔ ድምፁ መጣለት። ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ የጉዞው ምክንያት ተቀይሯል፣ ሐዘን ነው አለ። ጣሪያውም ተራዋን ሰጣት፦ «ወይዘሮ ሶስና፣ ወንድምዎ አቶ ናሆም ማረፋቸው መዝገብ ላይ ይታያል። እባክዎ ያስረዱ።»

«አዎ» አለች እማዬ። «ወንድሜ ነው።»

ልክ ማንነቷን በር ላይ የጠየቋት ይመስል ነበር የመለሰችው።

«ድምፁ ሐዘን የለውም። መስመሩ እስኪዘጋ ጥቂት እናዳምጣለን።»

አልቅሺ እንጂ፣ ሶስናዬ አልቅሺ አላት አባዬ። እግሯ ስር ተንበርክኮ፣ እጇን ይዞ፣ ሰው አልቅሺ ብሎ ሲለምን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እሷ ግን ሄዳለች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ሰው የለበትም። ጣሪያው ያዳምጣል። በውጭ በኩል የጎማ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ብዬ ሳይ ነጯ መኪና ሜዳው ጫፍ ላይ ዞራ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ቆማለች።

ያኔ ቆጣሪው አፏጨ። አጭር አልነበረም። ረዥም ነው፣ አልተቋረጠም። እማዬ ቀስ ብላ ወደ ጎን አዘነበለች፣ እኔ ትከሻዋን ስይዝ አንገቷ ክንዴ ላይ ወደቀ።

ምን እንዳልኩ አላውቅም። አባዬ ኋላ እንደነገረኝ እማዬ፣ እማዬ አትሂጂብኝ ብያለሁ። እኔ የማስታውሰው ድምፄ የእኔ እንዳልነበረ ብቻ ነው፤ ከሆዴ ሥር የሆነ ነገር ተነቅሎ የወጣ ነው የመሰለኝ። ደረቴን አልደቃሁም። እጆቼ እሷን ይዘዋል።

«ወይዘሮ ሶስና» አለች እትዬ ጎዳና፣ በዚያው በለዘበ ድምፅ፣ «ሐዘንዎ ተረጋግጧል። እግዚአብሔር ያጽናዎ። የሐዘን መስመር ተከፍቶልዎታል።»

ከወለሉ ስር አንድ ነገር ጠቅ አለ። ኤሌክትሪክ ገባ፣ ማቀዝቀዣው ተነሳ፣ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ጭንቅላታችን ላይ ፈሰሰ። መኪናዋ ሹፌሯ አጠገባችን ተንበርክኮ እያለ ቤታችንን ጎትታ ተነሳች። እኔ ማልቀስ ማቆም አልቻልኩም። ቆጣሪው አንዴ ቆረጠ፣ አንዴ ቀጠለ፣ እንደገና ቆረጠ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ማለቱ የትኛው ዝምታ እንደሆነ ስላላወቅሁ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ።

ይመታል። እየተደናቀፈ፣ ግን ይመታል።

ከዚያ ወዲያ ማንም ዳር አላስያዘንም። የሽንኩርቱ መኪና፣ የሙሽራው መኪና፣ ሁሉም ለእኛ ወጣ። እማዬ ከሚኤሶ በኋላ ውኃ ጠጣች። ኤረር ስንደርስ ነው መጀመሪያ የተናገረችው።

«ድሬ ላሉት እንዳትነግሩ» አለች። «እኔ አልሰማሁም።»

አባዬ ምን ማለትሽ ነው አላት። እነዚያ ሰዎች ቀብር አቆይተው፣ ሽማግሌ መርጠው፣ መርዶዬን እንደ ዕቃ ጠብቀው እየጠበቁኝ ነው፤ ሰምቼ መጣሁ ብዬ አላሳፍራቸውም አለችው። ደግሞም ናሆም ሰው አለው፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አይደለም። ሞቱን ሰው ይንገረኝ እንጂ ጣሪያ አይንገረኝ።

እኔ ስለ ቆጣሪው ነበር የማስበው። እስከ ጠዋት ለቅሶሽን ይዘሽ ልታድሪ ነው ወይ አልኳት። ይዤው አድራለሁ አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፣ እኔ ደግሞ እጄን ከደረቷ ላይ አላነሳሁም፣ እንደ አባዬ መሪ።

ድሬዳዋ የገባነው ማምሻውን ነው። ሳቢያን ሰፈር ላይ የጋሼ ናሆም ጎረቤት እትዬ ዘሃራ መንገዱ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። አቦ እንኳን መጣችሁ፣ አቦ ምነው ጠፋችሁ እያሉ ሳሙን፣ ሲስሙኝ ጉንጫቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ናሆም ጅቡቲ ለሥራ ሄዶ ነው፣ ነገ ይመጣል አሉ። ሰው ፊት እያዩ ነው የዋሹት፣ በደንብ። እማዬ ኧረ ይሄ ልጅ፣ እኔ በመጣሁ ቀን ብላ ሳቀች።

እሳቸው ቤት እራት ቀረበ። እንዲያ ያለ እራት በልቼ አላውቅም። እሳቸው እሷ የማታውቅ ይመስላቸዋል፣ እሷ እንደማታውቅ ሆና ታወራለች፣ እኛ ሁለታችን የሁለቱንም እናውቃለን። እትዬ ዘሃራ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፣ እማዬ ስለ ጎሚስታው ትነግራቸዋለች፣ ለቅሶ ነው ወይ ያለውን ራሱን ሳይቀር ነገረቻቸው። እትዬ ዘሃራ ሳቁ፣ ከዚያ ውኃ ላምጣ ብለው ወጥተው ብዙ ቆዩ። እማዬ በእጇ አጉርሳኝ በዓይኗ ብዪ አለችኝ። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። ከሳቋ ጀርባ ያ ነገር ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ መቼ እንደሚፈታ አላውቅም፤ ሌሊቱን ትንፋሿን ሳዳምጥ አደርኩ፣ በረዘመ ቁጥር እየተነሳሁ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። መጀመሪያ እግር ሰማን፣ ብዙ እግር፣ የማይጣደፍ። ጋሽ ምናሴ ከፊት ናቸው፣ ረዥም ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሁለቱ ከእማዬ ጀርባ ቆሙ። አባዬ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ከእግሯ ሥር ነበርኩ፣ ፊቷን አላየሁትም፣ ያየሁት የጋሽ ምናሴን ጫማ ነው፤ ለመርዶ ብለው ቀለም ቀብተውታል።

«ሶስና» አሉ። «ሰው ነሽ። የሰው ልጅ የሚደርስበት ሁሉ ደርሶብሻል። ወንድምሽ ናሆም ዐርፏል።»

ዝም አለች። ያ ዝምታ የማቆያው ዝምታ ነበር፣ አወቅሁት። አሁን ነው፣ አሁን ትወድቃለች አልኩ።

ከዚያ ጮኸች። ናሆሜ አለች። ሐብሐቤን ሳትቀምስ አለች። የአንድ ሰው ጩኸት አልነበረም፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ቤቱ ተቀበላት፣ ደጁ ተቀበላት። ከኋላዋ ያሉት ሁለቱ ያዟት፣ ስታዘነብል ቀና፣ ስታዘነብል ቀና አደረጓት። ቆጣሪው አፏጭቶ ከሆነም እንኳ በዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ማንም ሊሰማው አይችልም፣ እኔም አልሰማሁትም፣ ይህ ነው ያስፈራኝ።

ሁሉም ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። አልመጣልኝም። ጋሼ ናሆምን እወደው ነበር፣ እምላለሁ። ዓይኔን ጨመቅሁት፣ ፊቴን አጣመምኩት፣ ደረቅ ነው። ከበሩ አጠገብ ያለች ሴት ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ፣ ይቺ ልጅ የእህቱ ልጅ አይደለችም እንዴ ስትል ሰማኋት። ሌሎችም ዞሩ። መሬት ብትከፈት በወደድኩ።

እማዬ ለቅሶዋን አላቋረጠችም። ወንድሜን እያለች፣ እየተወዛወዘች፣ እጇን ዘርግታ አንገቴን ያዘችና ወደ ደረቷ ጎተተችኝ፤ ነጠላዋንም ፊቴ ላይ ጣለችብኝ፣ ደረቅ ዓይኔን ማንም እንዳያይ። ውስጡ ጨለማ ነበር፣ የላብና የመንገድ አቧራ ይሸታል። ጆሮዬ በልብሷ ላይ ተጫነ። ከላይ ዓለም ሁሉ ይጮኻል፤ ከሥር ልቧ ይመታል፣ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ እኔም ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን እየጠበቅሁ እንደዚያው ተደፍቼ ቀረሁ።